«እንዴት ልቀመጥልህ?»

ለሥዕል የሚቀመጥልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገም ይሁን ከሞጣ ለጉዳይ የመጣ፣ ወንበሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የዘይት ቀለም ፖርትሬት፣ ማለትም የሰው መልክ ሥዕል፣ ግማሽ ሥራው የሚያልቀው ገና ብሩሽ ሳይነሳ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲገኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አቀማመጥ ብቻ ልጻፍላችሁ።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤትዎ እንደሚቀመጡት ይቀመጡ።»

ይህን የሰማ ሰው ታዲያ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቀጥ ይላል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ትንፋሹን ይይዛል። ፎቶ ቤት ያስለመደን አቀማመጥ ነው፤ በየሳሎናችን የተሰቀሉትን የአያቶቻችንን ፎቶዎች ብታዩ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ለፎቶ ችግር የለውም፣ በአንድ ቅጽበት ያልቃል። ለዘይት ቀለም ግን ያ ሰው ሰዓታት ሊቀመጥ ነው፣ በሌላ ቀን ተመልሶ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ እንደዚያው ሆኖ ሊቀመጥ ነው። ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ አዎ፣ እኛው አገር በሚበቅለው ተልባ። የተልባ ዘይት ደግሞ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ነው የሚጠነክረው፣ ቀናት ይፈልጋል። በመሀል ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ለኔ ብሎ የፈጠረውን አቀማመጥ ሲመለስ አያገኘውም። የራሱን ግን መቼም አያጣውም፣ ሰውነቱ ያውቀዋላ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀለም አላነሳም። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይጀመራል። እኔ ከጎን ሆኜ ነው የማየው። ሰው ወሬው ሲጥመው ሰውነቱን ይረሳዋል፣ ያኔ ትከሻው ይወርዳል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ዳሌው ያጋድላል፣ አንገቱ ወደለመደው ጎን ዘንበል ይላል። አቦል ላይ ሐውልት የነበረው ሰው ቶና ላይ ራሱን ሆኖ ታገኙታላችሁ። «በቃ፣ እንደዚሁ ይቆዩልኝ» የምለው ያኔ ነው። ጠመኔ አነሳለሁ፣ የእግሩን ዙሪያ መሬቱ ላይ አሰምራለሁ፣ የወንበሩን እግሮችም እንዲሁ።

ወንበር አልኩ እንጂ ወንበር ራሱ ብዙ ጊዜ እንቅፋት ነው። በገጠሩ ጎጃም ያደገ ሰው መቀመጫው ዱካ ነው፣ መደብ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ስትሰጡት አይደገፍም፤ ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳ ቤት እንደገባ። አንድ ገበሬ ወዳጄ አለ፣ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ዱካ ሰጠሁት፣ በትሩን ደግሞ መለስኩለት። ወዲያው በትሩን በሁለት ጉልበቱ መሀል አቆመው፣ ሁለት እጁን ጫፉ ላይ ደራረበ፣ አገጩን እጁ ላይ አስጠጋ። አለቀ። ይህ አቀማመጥ ለሰዓሊ ስጦታ ነው። በትሩ የክንድና የትከሻ ክብደት ስለሚሸከምለት ረጅም ጊዜ ሳይደክም ይቆያል፣ እጁና ፊቱም ተቀራርበው አንድ ላይ ይመጣሉ፣ እጅ ደግሞ የገበሬ ታሪኩ ነው። በትሩን በትከሻው አጋድሞ ሁለት ክንዱን ላዩ ላይ መስቀልም ይችልበታል፣ እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ለቁም ሥዕል ያምራል። ለፊት ብቻ ለሚሠራ ፖርትሬት ግን አልመርጠውም፤ ትከሻው ወደ ላይ ይነሳና አንገቱ ይጠፋል።

ዱካ ዝቅተኛ ነው፤ ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ሰዓሊው ቆሞ ዱካ ላይ የተቀመጠውን ሲስል የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው። ግንባሩ ይሰፋል፣ አገጩ ያንሳል፣ ሰውየው በሥዕሉ ላይ ትንሽ ይሆናል። ሽማግሌን ወይም እናትን ቁልቁል እያዩ መሳል ለኔ ደስ አይለኝም፣ በዓይን ብቻ ሳይሆን በአስተዳደጌም። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ እኔም ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ወይ ብሎኬት ደርድሬ በላዩ ጠንካራ ሳንቃ አነጥፍና ዱካውን እዚያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ዓይኑ ከዓይኔ እኩል እስኪሆን ድረስ። ሳንቃው እንዳይነቃነቅ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ተቀምጣችሁበት ሞክሩት።

ብርሃኑስ? እዚህ ላይ ከፈረንጅ መጻሕፍት ጋር ትንሽ እንለያያለን። መጻሕፍቱ «የሰሜን መስኮት» ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ረጋ ያለ ነው። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ነው ያለችው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ግንቦት ላይ በሰሜን መስኮት አጠገብ ሰው ብታስቀምጡ፣ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ ላይ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ትገባለች፣ በየደቂቃውም ትንቀሳቀሳለች። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ያው መስኮት ቀኑን ሙሉ አይለወጥም። እኔ በግንቦት ሰዉን ወደ ደቡቡ መስኮት አዞራለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ብርሃኑን ስለሚበትነው ብዙ አልጨነቅም፤ የዚያ ጊዜ ችግር ጨለማው ነው።

ከመስኮት ሁሉ የምወደው ግን በር ነው። የገጠር ቤት አንድ በር አለው፣ መስኮት ካለውም ትንሽ ነው። ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ይገባል፣ ቀሪው ቤት ጨለማ ነው። የሆላንዱን ሰዓሊ የሬምብራንትን ሥዕሎች በፎቶ ያየ ሰው እዚህ ቤት ቢገባ ወዲያው ያውቀዋል። የበር ብርሃን ደግሞ ከመስኮት ብርሃን ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ዓይን ውስጥ ይደርሳል። ጎድጎድ ያለ ዓይን ያለውን ሰው ከፍ ባለ መስኮት ስር ብታስቀምጡት ዓይኑ ጥላ ይሆንባችኋል፣ በር አጠገብ ግን ይበራል። ሰውየውን ከበሩ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብቼ ፊቱን ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ፣ ጥላ ባረፈበት ጉንጭ ላይ ከዓይኑ ስር ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብርሃን እስክትታይ ድረስ። እስዋን ሳይ አቆማለሁ።

የእኛ ፊት በዚህ ብርሃን ላይ የሚያሳየውን ነገር ማየት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግንባርና ጉንጭ አጥንት ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሰማዩን ቀለም ይይዛል፣ ወደ ሰማያዊ ይጠጋል። ጥላው ግን ሞቃት ነው፣ ምክንያቱም ከአፈሩ ወለል ተመልሶ የሚመጣ ቀይ ቡና ዓይነት ብርሃን ከስር ያገኘዋል። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ሸራ ብታነጥፉ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ወለሉ አፈር ከሆነ አፈር ይሁን፣ አትሸፍኑት።

ነጠላና ጋቢም እንዲሁ ብርሃን ይሠራሉ። ነጭ ነጠላ ደረት ላይ ሲውል ብርሃኑን ወደ አገጭና ወደ አንገት ይመልሳል፣ የአገጭ ስር ጥላ ይለሰልሳል። የእናቴን ታላቅ እህት ስስል ይህ በጣም ጠቅሞኛል። መራዊ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ንቅሳት አለ፣ ድርድሩ እስከ አገጫቸው ይደርሳል። አገጫቸውን ዝቅ ካደረጉ ንቅሳቱ ጥላ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ቀና ሲሉና ነጠላው ከስር ሲያበራላቸው ግን እያንዳንዱ መስመር ይነበባል። እሳቸውም እንዲታይላቸው ይፈልጉ ነበር፤ «እሱን አትተወው» ብለውኛል።

ነጠላውን ግን እንዳሻችሁ አታንቀሳቅሱት። ለሥዕሉ ሲባል ጥለቱን ወደ ፊት አጠገብ ማምጣት ያጓጓል፣ ቀለም ነዋ፤ ቀዩና አረንጓዴው ከቆዳው ጋር ሲቀራረብ ያምራል። ነገር ግን ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትና ፊት አጠገብ ሲሆን እኛ ዘንድ የሐዘን አለባበስ ነው። ሥዕሉን ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያየ ጎረቤት «ማን ሞቶባቸው ነው?» ይላል። በመስቀለኛ ካጣፉት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ልብስ ላይ አንዲት ክር ስትቀየር ትርጉሟ የሚቀየረው እኛ ዘንድ ብቻም አይደለም። አሜሪካዊው ሰዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ላይ «ማዳም ኤክስ» የተባለችውን ሥዕሉን ሲያሳይ የቀሚሷ አንድ ማንገቻ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ ከተማው በዚያ ተንጫጫ፣ በኋላ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ መልሶ ቀባው። ስለዚህ እኔ እላለሁ፦ ነጠላውን ባለቤቷ ራሷ ትልበሰው፣ እኛ ቦታ እንፈልግ።

አሁን ወደ ፊት አቅጣጫ ልምጣ። ከእናቴ ታላቅ እህት፣ ከእትዬ ጋር ረጅም የተነጋገርነው በዚህ ነው። የአፍንጫቸውና የግንባራቸው መስመር በጣም ስለሚያምር ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ዞረው እንዲቀመጡ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ በማርያም! አንድ ዓይኔን ልታጠፋው ነው?»

«አይጠፋም እትዬ፣ ከወዲያ በኩል ስለሆነ አይታይም እንጂ።»

«በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ አታውቅም?»

አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ሰይጣንና የቅዱሳን ጠላቶች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እትዬ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው ያደጉ ሰው ናቸው፣ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ከኔ በላይ ያውቋቸዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን መኳንንት በጎን መሣል ክብራቸው ነበር፣ የጥንት ሮማ ነገሥታት ሳንቲም ላይ እንደዚያ ስለነበሩ። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው ምን ይረባል? ሥዕሉ የሚሰቀለው እሳቸው ቤት ነው፣ የሚያዩት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እኔም ሳስበው እሳቸው ልክ ናቸው። ፊት ላይ ሁለት ዓይን መታየቱ ለእኛ ጌጥ አይደለም፣ የሰውየውን ማንነት የሚናገር ነገር ነው።

ስለዚህ ሰውነታቸውን ወደ ጎን አዞርኩ፣ ፊታቸውን ግን ወደኔ መለስ አደረግን። ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ፣ የወዲያኛው ጠበብ ብሎ። የአፍንጫው መስመርም አልጠፋም። ትከሻና ፊት በአንድ አቅጣጫ አለመሆናቸው ደግሞ ሰውየውን ሕያው ያደርገዋል፤ ድምፅ ሰምቶ ዘወር ያለ ይመስላል። ለአብዛኛው ሰው ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

ሰውን ስታዞሩ በእጃችሁ አገጩን ይዛችሁ አታዙሩ። ለአዛውንት ነውር ነው፣ ለሌላውም ደስ አይልም። «ወደ ቀኝ» «ወደ ግራ» ማለትም አይሠራም፣ ፊት ለፊት ስለሆናችሁ የማን ቀኝ እንደሆነ ግራ ያጋባል። እኔ «ወደ በሩ ትንሽ»፣ «ወደ ምድጃው» እላለሁ። ካልሆነ ራሴ ተቀምጬ አሳያለሁ። የሚያዩበትንም ቦታ አብረን እንመርጣለን፤ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎ «እዚህ ላይ ያፍጥጡ» ማለት ዓይንን ይገድለዋል። እትዬ በበሩ ወደ ግቢው እንዲያዩ ነው ያደረግኩት፤ ዶሮ ይሄዳል፣ ሰው ያልፋል፣ ዓይናቸው ሥራ አለው።

እረፍት። የተለመደው 20 ደቂቃ ተቀምጦ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው፣ ለአዛውንት ከዚያም ያንሳል። እግር የሚደነዝዘው ቀስ ብሎ ነው፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት «ደከመኝ» አይልም። ስለዚህ ሳይጠይቁኝ እኔ ነኝ የማቆመው። በፆም ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው አላስቀምጥም፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ፊቱ ይለወጣል፣ ጠዋት ያየሁት ቀለም ከሰዓት የለም፣ ከምንም በላይ ደግሞ ሰውየውን ማድከም ነው።

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሴዛን እ.ኤ.አ. በ1899 የሥዕል ነጋዴውን አምብሩዋዝ ቮላርን ሲስል 115 ጊዜ እንዳስቀመጠው ቮላር ራሱ ጽፏል። አንድ ቀን ቮላር እንቅልፍ ወስዶት ከወንበሩ ሲወድቅ ሴዛን ተቆጣ፤ ፖም ይንቀሳቀሳል እንዴ አለው። ሴዛን ታላቅ ሰዓሊ ነው፣ ሥዕሉንም እወደዋለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። ሰው ፖም አይደለም፣ ይንቀሳቀስ። እኔ የሚስማማኝ የሰዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ጣልያናዊ ቫሳሪ ስለ ሊዮናርዶ ያለው ነው፦ ሞና ሊዛን ሲስል ፊቷ እንዳይከፋ የሚዘፍኑና የሚያጫውቱ ሰዎች ያስመጣ ነበር ይላል። እኛ ቤት ዘፋኝ አያስፈልግም፣ ወሬ ይበቃል። ግንባሩንና ዓይኑን ስሠራ እንደልባቸው ያወራሉ፣ አፍ ላይ ስደርስ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ያዳምጣሉ። እትዬ እጃቸው ባዶ ሲሆን ስለማይወዱ ፊታቸውን በምሠራበት ጊዜ ሁሉ እንዝርታቸውን ይዘው ይፈትሉ ነበር። እጁን መጨረሻ ላይ ሠራሁት፣ እንዝርቱን እንደያዙ።

ሲታዩ መዋል የማይወድ ሰውም አለ። «ምነው እንዲህ አፈጠጥህብኝ?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ሰዓሊ የሚያየው እንደ ሌላው ሰው አይደለም፣ በዝርዝር ነው፣ ያ ደግሞ ይከብዳል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከመጀመሪያው ሸራው ወደሱ እንዲዞር አደርግና አሳየዋለሁ፤ የማየው ምን እንደሆነ ሲያይ ይረጋጋል። ካልተረጋጋ ይቅር፣ አስገድዶ የተሣለ ፊት ላይ ግዳጁ ይታያል።

የመጨረሻው ክፍያ ነው። አንዳንድ ሰዓሊዎች «ዘመዴ ነው፣ ጎረቤቴ ነው» ብለው ይህን ያልፉታል። የሚቀመጥልን ሰው የቀን ሥራውን ትቶ ነው የሚቀመጠው። ቢያንስ የዚያን ቀን ውሎውን መክፈል ይገባል፣ ለዘመድም ቢሆን በሌላ መንገድ። ጊዜውንም ለሱ በሚመቸው ማድረግ ነው። ገበሬ ወዳጄን በአረም ወቅት አልጠይቀውም፣ በአጨዳም፣ አውድማው ላይ እህል እያለም። ከጥር አጋማሽ በኋላ ግን ውቂያው አልቆ እፎይ ይላል፣ የሰሜኑ መስኮቴም ያኔ ጥሩ ነው። ከጥምቀት በኋላ ልንጀምር ተስማምተናል፤ ዱካውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ በትሩን እሱ ይዞ ይመጣል።